እስከ ልቡ የበሰለ ሩዝ

አቶ ገብረ አማኑኤል ሞተው የተገኙት የደጋዋ ከተማ መሐል ሜዳ ውርጭ ለብሳ ባደረችበት የታኅሣሥ ማለዳ ነው። ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ ከኮንስታብል ሀዲስ ጋር ግቢያቸው ስትደርስ የተቀበላት ለቅሶ ሳይሆን ክስ ነበር።

«በሽቶ መርዛ ገደለችብኝ!» የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ተሾመች ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆመዋል። «ግቢና አሽትቺው፣ ልጄ! ሩዙ ሽቶ ሽቶ ይላል። ሽቶ የነካው እህል በልቶ የዳነ ሰው አለ?»

«ማንን ነው የሚሉት፣ እትዬ?»

«ማንን እላለሁ፣ ያችን ከቤይሩት የመጣችዋን ሚስቱን ነው እንጂ! ትናንት ሩዙን ጥዳ፣ እናቴ ታማለች ብላ ወደ እናቷ አገር ወደ ቀየት ሄደች። ጠዋት ልጠይቀው ብመጣ ወንድሜ ደርቆ አገኘሁት።»

ጥሩሸዋ ሰው ሲናገር ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። የወይዘሮ ተሾመች እጆች የነጠላቸውን ጥለት እየጨበጡ ይለቁ ነበር፤ የእውነት ሐዘን ነው። ሐዘን ግን ሰውን ከማሳሳት አያግድም።

ሟች አልጋቸው ላይ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ነበሩ። የተንፈራገጡበት ምልክት የለም፤ አላስመለሱም፣ አረፋም አልደፈቁም። ከንፈራቸውና ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀላ ብሏል። ከእግራቸው ሥር አመዱ የቀዘቀዘ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ጥቂት ሩዝ የተረፈበት ሳህን፣ አጠገቡም ባዶ ብረት ድስት ነበር። መስኮቱ ዝግ ነው። ከጣሪያው ሥር ግን አየር እንዲገባ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ነበር፤ ሰማዩ በውስጡ ይታያል።

ጥሩሸዋ ሳህኑን አንስታ አሸተተችው። እውነትም የአበባ መዓዛ ነበረው። አንድ ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ ጫን አለችው፤ እንደ ቅቤ ሟሟ። ሌላ ወሰደች፤ እሱም ሟሟ።

«ኢንስፔክተር፣ ተይው! መርዝ ቢሆንስ?» አላት ሀዲስ።

«አልቀምሰውም» አለችና ጣቷን በመሐረቧ ጠረገች።

ቀትር ላይ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም መርዝ አላገኘሁም፣ የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው አለ። ወሬው ወዲያው መልኩን ቀየረ። በብርድ አገር ከሰል ስንቱን ቤት አጥፍቷል፤ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ተብሎ ሊታለፍ ጥቂት ቀረው። ሀዲስም መዝገቡን ሊዘጋ ዳዳው።

«ጭሱ ገደላቸው፤ ይሁን» አለች ጥሩሸዋ። «ከሰሉ በእግሩ ሄዶ አልገባም። ማን አስገባው? ለምን?»

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ሚስቲቱን ነው። ወሰንየለሽ ጠዋት ተልኮባት ከቀየት እየበረረች መጥታለች። ፊቷ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አላለቀሰችም። ይህን ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ዓይኑን ያጉረጠርጥባታል።

«ሩዙ ለምን ሽቶ ሸተተ?»

«ጃስሚን ሩዝ ይባላል፤ ተፈጥሮው ነው፣ ምንም አልጨመርኩበትም። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው የለመድኩት። ባለቤቴ ጥርስ አልነበረውም። በዚህ ማሽን የበሰለ ሩዝ ሲሆን ግን ሳያኝክ ይውጠዋል።» ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወደተቀመጠው የኤሌክትሪክ ፕሬዠር አመለከተች፤ ከአረብ አገር ይዛው የመጣችው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ወፍራም ድስት ነው።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያበሰልሽው?»

«አጥቤ ሩዙንና ውሃውን እኩል በእኩል ጨመርኩ። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ክዳኑን ቆልፌ ቁልፉን ተጫንኩና፣ መሥራት ሲጀምር አይቼ ወጣሁ። ሲጮህ አውጥተህ አቅርብላቸው ብዬ ለበኃይሉ ነገርኩት።»

«ከሰሉንስ?»

ወሰንየለሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከሰል መኝታ ቤታችን አይገባም! ቤይሩት የአገሬ ልጅ በከሰል ጭስ ታፍና ሞታብኛለች። ያንን ቀዳዳ እንኳ ለምኜ ያስበሳሁት እኔ ነኝ።»

በኃይሉ የሟች የወንድም ልጅ ነው። ወላጆቹ ካረፉ ወዲህ ያሳደጉት አቶ ገብረ አማኑኤል ናቸው። ቁመተ ሎጋ፣ አንደበቱ ለስላሳ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ በለቅሶ አብጠዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ገና ሳይጠየቅ። «እሷ እንደወጣች መብራት ጠፋ። ማሽኑ ጸጥ አለ፣ ሩዙ ጥሬውን ቀረ። ጋሼ ራበኝ፣ በረደኝም አሉ። ከሰል አያያዝኩና ሩዙን ከነውሃው ብረት ድስት ውስጥ ገልብጬ እዚያው አጠገባቸው ቀቀልኩላቸው። በሉ፣ መረቁኝም። ምድጃውን ላውጣው ብላቸው ተወው ይሙቀኝ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ውሃ ጨመርክበት?»

«ኧረ አልጨመርኩም። እሷ የለካችው በቂ ነበር። ቶሎ በሰለ።»

«ከዚያ በፊት አብስለህ ታውቃለህ?»

በኃይሉ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ወንድ ልጅ ምን ያበስላል፣ ኢንስፔክተር? ስለጨነቀኝ ነው እንጂ።»

ጥሩሸዋ ራሷን ነቀነቀች። መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ጎረቤቶችን ብትጠይቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ነገሯት። አንዱ ጠፍቷል አለ፣ ሌላው መጥቶ ነበር አለ። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ የኖረ ከተማ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየው መምህር አፈወርቅ ነው። ኢንስፔክተሯ ፊት ሲቀመጥ ላብ አጠመቀው። ሀዲስ ይህን አይቶ ጥሩሸዋን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ምሽቱን የት ነበሩ፣ መምህር?»

«ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረን። ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ተኛሁ።»

«ከተማው በሙሉ ጨለማ ነበር?»

አፈወርቅ አሰበ። «የለም... ከጎረቤት የቴሌቪዥን ብርሃን መስኮቱ ላይ ሲንቦገቦግ አይቻለሁ። የእኛ መስመር ብቻ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

«የሚያልብዎት ታዲያ ለምንድን ነው?»

መምህሩ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገር ማመላለስ አልወድም። ግን በቀደም አቶ ገብረ አማኑኤል በኃይሉን ሲቆጡት ሰምቻለሁ። ‹እስከ ገና ራስህ ካልተናገርክ እኔ ሽማግሌዎቹ ፊት እናገራለሁ፤ የሞተ ሰው ስም ጭቃ ውስጥ አይቀርም› አሉት። ስለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጁ እግራቸው ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር።»

ጥሩሸዋ ብቻዋን ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ፕሬዠሩ ታጥቦ ተደፍቷል፤ የውስጥ ድስቱ ያብረቀርቃል። ክዳኑን ገለበጠችው። ዙሪያውን የከበበውን ጎማ በጥፍሯ ይዛ ስትስበው ተላቆ ወጣ። ከጎማው ሥር የደረቀ ነጭ የሩዝ ውሃ እንደ ሙጫ ተጣብቆ፣ አንድ የበሰለ ፍሬም ተደፍጥጦ ነበር። ያጠበው ሰው ጎማው እንደሚወልቅ አላወቀም። «ክዳኑን ካጠብሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብላ ወሰንየለሽን ከደጅ ጠርታ ጠየቀቻት። «ትናንት ሩዙን ከመጣዴ በፊት፣ ጎማውን አውልቄ» አለቻት።

ከዚያ ከቤቱ ጀርባ መሰላል አቁማ ወደ ቀዳዳው ወጣች። ከውጭ በኩል ከጭቃው በወጣ ሚስማር ላይ የጆንያ ክር ተንጠልጥሏል። ክሩ አዲስ ነው፤ አቧራ እንኳ አልነካውም።

ሀዲስ ከታች ሆኖ «እና ማን ነው?» አላት።

«ሠልስቱ ላይ ሁሉም ይሰበሰባሉ» አለች እየወረደች። «ያኔ እንጠይቃቸዋለን።»

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው ከተሸኘ በኋላ ጥሩሸዋ ቤተሰቡንና መምህሩን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ከሰል ተቀጣጥሏል፤ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ወሰንየለሽ ያንኑ ሩዝና ያንኑ ውሃ ለክታ ጨመረች። ማንም ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባውም። ወይዘሮ ተሾመች «በወንድሜ ሠልስት ደግሞ ይህን ሽቶ ታጨሱብናላችሁ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው ተንኖ አለቀ፤ ሩዙ ከሥሩ ማረር ጀመረ። ጥሩሸዋ ውሃ ጨመረችበት፣ ደግማም ጨመረች። ሲንተከተክ፣ ሲንተከተክ ቆይቶ ጫፉ ተላላጠ፣ ውጩም ለሰለሰ። በማንኪያ አወጣችና ለወይዘሮ ተሾመች አቀረበች። «እንዳይሰጉ፣ እኔም እበላለሁ።»

አሮጊቷ እያመነቱ አኘኩ። ወዲያው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ጥሬ ነው! ልቡ ጠጠር ነው።»

«እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ቆላ ላይ ሩዝ በማንኛውም ድስት ይበስላል። እዚህ ከፍታ ላይ ግን ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም። ምስር ለማብሰል ስታገል ስንት ራት በዳቦ አልፌያለሁ። በኃይሉ፣ አንተ ውሃ ሳትጨምር ቶሎ በሰለልኝ ብለኸኛል። አጎትህ ሳህን ላይ ያገኘሁት ሩዝ እንደ ቅቤ የሚሟሟ ነበር፤ ጥርስ የሌላቸው ሰው በልተውታል። የበሰለው እዚህ ድስት ውስጥ አይደለም።»

በኃይሉ ዓይኑን ከድስቱ ላይ ነቀለ።

«እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን በሚይዘው በማሽኑ ነው የበሰለው። ውስጡን አጥበኸዋል፣ ጎማውን ግን ረስተኸዋል። ማሽኑ ከሠራ ደግሞ ወሰንየለሽ ከሄደች በኋላ መብራት ነበረ ማለት ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፤ ሩዙ በማሽኑ ከበሰለ፣ ሰው ለምን በከሰል ቀቀልኩ ብሎ ይዋሻል?»

«ከሰሉ የገባበት ምክንያት እንዲኖረው» አለ መምህር አፈወርቅ፣ ሳያስበው አምልጦት።

«አዎ። ወሰንየለሽ የከለከለችው ከሰል እዚያ ክፍል ሊገባ የሚችለው ሲቸግር ብቻ ነው። ስለዚህ ችግር ተፈጠረ። ሩዙ ተበልቶ ሲያበቃ ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ወረደ፤ ይህ ግቢ ብቻ ጨለመ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ግን ይሠራ ነበር። ብርዱ ላይ ጨለማ ሲጨመር ሽማግሌው ከሰሉን እሺ አሉ። ይህም ብቻውን ላይገድል ይችላል፤ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ከውጭ በጆንያ ተወተፈ፣ ጠዋት ተነሣ። ሚስማሩ ግን ክር አስቀርቷል። እትዬ ተሾመች የመጡት ጠዋት ነው። ወሰንየለሽ ቀየት እናቷ ዘንድ አድራለች። መምህር ሲመጡ ጨለማውን ነው ያገኙት። ስለ ሩዙ የዋሸኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ተሾመች ቀስ ብለው ወደ ልጁ ዞሩ። «በኃይሉ? አይደለም በል እንጂ።»

ልጁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ» አለ። ስለ ከሰሉ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ስለ ሌላ እሳት ነበር የሚያወራው። «ባለፈው በጋ ጓሳ ላይ፣ ጥብቁ የሣር ምድር ውስጥ። ማር ልቆርጥ ንቦቹን ላጨስ ብዬ... ሣሩ ተያያዘ። የጥብቁ ጠባቂ፣ ተገኘ የሚባለው ሰው፣ ሊያጠፋ ገብቶ እዚያው ሞቶ ቀረ። ሰው ሁሉ ‹ጠባቂው ራሱ ሊሞቅ አንድዶ ነው ጓሳን ያቃጠለው› ሲል ዝም አልኩ። ሲከብደኝ ለጋሼ ነገርኳቸው። ይደብቁልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ‹የጠባቂው ሚስት ውሃ ስትቀዳ እንኳ ሰው ይሸሻታል፤ ተናገር› አሉኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እንቅልፍ ነው የሚወስዳቸው፣ አያማቸውም ብዬ ነው። አያማቸውም ብዬ...»

ሀዲስ ሄዶ ክንዱን ይዞ አነሣው። በሩ ጋ ሲደርሱ በኃይሉ ወደ አክስቱ ዞረ፤ እሳቸው ግን ከሰሉን እያዩ ቀና አላሉም።

ግቢው ጸጥ ሲል ወሰንየለሽ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ። ወይዘሮ ተሾመች ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

«የዚያ የጠባቂው ሚስት ማን ነበር ስሟ?» አሉ ኢንስፔክተሯን።

«ጌታነሽ ትባላለች። ጓሳ አፋፍ ላይ ነው ቤቷ።»

«ነገ በቅሎ ፈልጊልኝ። ወንድሜ ሊናገር የነበረውን እኔ ሄጄ እነግራታለሁ። ከደጇ ቆሜ ሰፈሩ እስኪሰማ እናገራለሁ።» ወደ ወሰንየለሽ ዞሩ። «ብቻዬን አልችለውም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ወሰንየለሽ ዓይኗን ጠረገች። «ታዲያ በቅሎው ሁለት ይሁን» አለች።