የስድስተኛ «ለ» የመጨረሻው ተማሪ

ስም ጥሪው ሁልጊዜ የሚያልቀው በማሙሽ ነው። መምህርት ዓይናዲስ ከሁመድ ጀምራ እስከ ፌቨን ትወርድና ትንፋሽ ወስዳ «ማሙሽ» ትላለች። ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ በሁለት ልጆች መሐል የተቀመጠው ሳጥንም «አቤት ቲቸር» ይላል። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነው፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ከየራሳቸው አዋጥተው የሰጡት። መጠኑ ከአንድ ድፎ ዳቦ አይበልጥም። ከፊቱ አንድ ዓይን፣ ከጎኑ ደግሞ እጅ ለማውጣት የምታገለግል ቀጭን ዘንግ አለችው። ዘንጓ ግን ከተሠራች ጀምሮ ተነስታ አታውቅም። ማሙሽ ጠይቆ አያውቅም።

አጠገቡ የሚቀመጡት ልጆች በየሳምንቱ በዕጣ ይለዋወጣሉ። ዕጣ የወጣለት ልጅ ጠዋት ጠዋት የጨው አቧራውን በሶፍት ይጠርግለታል፤ በፈተና ጊዜ ደግሞ እንዳይኮርጅ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞርበታል። ከዚህ ሌላ ልጆቹ ከራሳቸው የሚለዩት አይመስሉም ነበር።

ማሙሽ ጀማሪ ነው። ጀማሪ የሚባለው ምንም ሳያውቅ ተሠርቶ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ከአንድ ክፍል ልጆች ብቻ የሚማር የማሽን አእምሮ ነው። ሐሳቡ የዓይናዲስ ነበር። ሥራ በጀመረችበት ዘመን በየክፍሉ የነበረው ሁሉን አውቆ የሚመጣ፣ ዝግጁ የሚባለው አእምሮ ነበር። ልጆቹ ጠይቀውት ይመልስላቸዋል፤ የመለሰላቸውን ይገለብጣሉ፤ ደብተራቸው ሙሉ ሆኖ እነሱ ባዶ ይቀራሉ። እሷም አንድ ቀን ባዶ አእምሮ እንዲሰጣት ጠየቀች። አለቆቿ ሳቁባት፤ ግን ሰጧት። ለሌላ የሚያስረዳ ልጅ መጀመሪያ ራሱ መረዳት አለበት ብላ ነበር ያሰበችው። እንዳሰበችውም ሆነ። ሰነፍ ይባሉ የነበሩ ልጆች ክፍልፋይን ለሳጥን ለማስረዳት የጨው አሞሌ እየሰበሩ ማምጣት ጀመሩ። ፌቨን የምትባለው ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ ለረጅም ጊዜ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ መጀመሪያ ያነጋገረችው ማሙሽን ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ጀማሪው ከተማ ውስጥ ሥራ ይሰጠዋል። የአምናው የክሊኒኩን የመድኃኒት ማቀዝቀዣዎች ይጠብቃል፤ ያስተማሩት ልጆች በዚያ ሲያልፉ በመስኮቱ እጃቸውን ያወዛውዙለታል።

ለማሙሽ የታሰበለት ሥራ ውሃ ነበር። ጥላ የምትባለው ከተማቸው በአፋር ረባዳ ምድር ላይ፣ ፀሐይን እየጠጣ መብራት በሚሰጥ አንድ ሰፊ ሸራ ሥር ትኖራለች። ከሸራው ውጭ በቀትር ሰው አይቆምም። ከምድር ሥር የሚወጣው ውሃ ፍልና ጨዋማ ነው፤ ከተማዋ የምትጠጣው ጨዉን ለይታ ነው። ማሙሽ ከትምህርት በኋላ በመስመር እየተገናኘ፣ ጣፋጩን ውሃ ከጨዋማው ለይቶ ለችግኝ ቤቱ መልቀቅ ከጀመረ ጥቂት ጊዜው ነበር። ሙከራ ነበር።

ያን ዕለት ስም ጥሪው እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ። የገቡት የችግኝ ቤቱ ኃላፊ፣ የሁመድ እናት ወይዘሮ ኬሪያ ነበሩ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ። ሴትዮዋ ተቀመጡ አላሏቸውም። ከነሥሩ የተነቀለ አንድ የቲማቲም ችግኝ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ ግንዱ ላይ ነጭ ጨው ደርቋል።

«ሁሉም እንዲህ ሆኗል» አሉ። «ጎመኑም ቃሪያውም። የዘንድሮውን ዘር አንድ ሳላስቀር ነበር የዘራሁት መምህርት።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። ሁመድ እናቱን አላያቸውም። የሚያየው ሦስተኛውን ዴስክ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የከተማዋ የውሃ ክፍል ኃላፊ ኢንጂነር ጠና ቆመው ዓይናዲስን ይጠብቋት ነበር። የተናደዱ ሳይሆን የደከሙ ይመስሉ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። የድሮው መለኪያ አርጅቶ በአዲስ ተተክቷል። የድሮው የሚያሳየው የጨዉን መጠን ስለነበር፣ ዝቅተኛ ቁጥር ማለት ጣፋጭ ውሃ ማለት ነበር። አዲሱ የሚለካው ግን ውሃው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል ነው። ይህንኑ ራሳቸው ለማሙሽ ነግረውት ነበር፤ ገብቶሃል ወይ ብለውም ጠይቀውት፣ ገብቶኛል ብሏቸዋል። ከዚያ እንደለመደው ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ታንከር መረጠ። ጨዋማውን ከፍቶ ለችግኙ ለቀቀው።

«ያልገባውን ገብቶኛል የሚል አእምሮ ውሃ ላይ ማስቀመጥ አልችልም» አሉ። «ይሄ ችግኝ ነው። ነገ ለክሊኒኩ ቢለቀውስ?»

የከተማው ምክር ቤት ወስኗል። አሁኑኑ ቴክኒሻን መጥቶ ማሙሽን ባዶ ያደርገዋል፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በየክፍሉ ዝግጁ አእምሮ ይመለሳል። ለዓይናዲስ ቶሎ የመጣላት የፌቨን ድምፅ ነበር፤ ያ ቀስ እያለ የወጣ ድምፅ። እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ጊዜ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። ሰጧት።

ስትመለስ ሁመድ ማሙሽ ፊት ቆሞ ነበር።

«ገብቶኛል አላልክም? ውሸታም። ቆርቆሮ።»

«ብያለሁ» አለ ማሙሽ።

ሁመድን ትከሻውን ይዛ ወደ ቦታው መለሰችው። ወንበር ሳበችና ዓይኗ ከሳጥኑ ዓይን ጋር እስኪስተካከል ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ብልሽት ነበር የምትፈልገው፤ የላላ ሽቦ፣ የተበላሸ ክፍል፣ ይሄው ይሄ ነው ብላ ለምክር ቤቱ የምታሳየው ነገር።

«ማሙሽ፣ ገብቶኛል ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ትምህርቱ ሲያልቅ የሚባል ነው ቲቸር። አስተማሪ ገባችሁ ሲል ሁሉም አብሮ አዎ ይላል። ከዚያ አስተማሪው ደስ ይለዋል፤ ሰሌዳው ይጠፋል።»

«ያልገባው ልጅስ?»

«እሱም አዎ ይላል። ካላለ ዞረው ያዩታል። እረፍትም ይዘገያል።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው።

«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ከዓይናዲስ አፍ ይወጣ ነበር፤ ጠመኔውን ስታስቀምጥ፣ እጇን ስታራግፍ፣ ወደ ደወሉ ሰዓት ሰረቅ አድርጋ ስታይ። መልሱም በአንድ ድምፅ ይመጣ ነበር፣ ሞቅ ብሎ፣ እንደሚዘጋ በር። እሷም ልጅ ሆና እንዲሁ ስትመልስ ነው ያደገችው። አስተማሪን በሰው ፊት አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፤ አስተማሪውን ያሳፈሩት ይመስላል። ማሙሽ ሰሌዳው ላይ የጻፉለትን ብቻ የሚማር መስሏት ነበር። እሱ ግን ክፍሉን ነበር የተማረው።

ተነስታ ከመደርደሪያው አንድ ብርጭቆ፣ ከባትሪ ጋር የተያያዘ ሁለት ሽቦና ትንሽ አምፖል አወረደች። ሁሉም ያውቁታል። ጥቅምት ላይ ሽቦዎቹን ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክረው አምፖሉ እንቢ ብሎ፣ ጨው ሲጨምሩበት በርቶላቸው አጨብጭበዋል። ለማሙሽም ይህን ያስተማረችው የክፍል አለቃዋ ሲፈን ነበረች።

«አምፖሉ ለምን በራ?» አለች ዓይናዲስ።

ይህ ጥያቄ በአዎ አይመለስም። ዓይኖች ሁሉ ቀስ እያሉ ወደ ሲፈን ዞሩ። ሲፈን ስትነሳ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

«ጨው ስላለበት» አለች። ዓይናዲስ ጠበቀቻት። «ጨው ለምን እንደሚያበራው ግን አላውቅም ቲቸር። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር። እሱ ገብቶኛል ሲለኝ፣ በደንብ ያስተማርኩት መሰለኝ።»

«ሲፈን ደስ እንዲላት ነው ያልኩት» አለ ማሙሽ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተናገሩ። አንዱ ክፍልፋይ እስካሁን እንደሚያምታታው፣ ሌላዋ ካርታ ላይ ሰሜን የቱ እንደሆነ በጓደኛዋ ጣት እንደምታውቅ። ዓይናዲስ አልተቆጣችም፤ አላጽናናችምም። ከዛሬ ጀምሮ «ገባችሁ?» ብላ እንደማትጠይቃቸው ነገረቻቸው። ያልገባው እጁን ያውጣ፤ ዞሮ የሚያየው ልጅ ካለ እሱ ሰሌዳ ያጸዳል አለች።

የምሳ ደወል ሲደወል ፌቨን አልወጣችም። ያን ሳምንት ዕጣው ለእሷና ለሲፈን ነበር የወጣው። ሶፍት አወጣችና የማሙሽን ዘንግ መጋጠሚያ መጥረግ ጀመረች፤ ጨው ደርቆበት ነበር። እየጠረገች ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብላ ረጅም ነገር አንሾካሾከች። ዓይናዲስ ምን እንዳለችው አልሰማችም፤ ልትሰማም አልሞከረችም።

ከምሳ በኋላ ኢንጂነር ጠና ቦርሳ ከያዘ ቴክኒሻን ጋር መጡ። ዓይናዲስ የስህተቱን ምክንያት በሩ ላይ ነገረቻቸው። በትዕግሥት ሰሟት። ምክንያቱ መገኘቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ምክንያት አይጠብቅም አሏት። ከዚያ ልጆቹ ሳይነገራቸው እንዲደረግ ስላልፈለጉ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ማሙሽ ዛሬ ባዶ እንደሚደረግ፣ ምንም እንደማያመው፣ በምትኩ ስለ ውሃም ስለ መለኪያም ሁሉን አውቆ የሚመጣ ዝግጁ አእምሮ እንደሚተካ አስረዱ። በቅንነት ነበር የሚናገሩት። ሲጨርሱ እጃቸውን አጋጠሙ።

«ገባችሁ?» አሉ።

መልስ አልመጣም። ያ ሁሉ ልጅ አፉን ዘግቶ ወደ ፊት ያያል። ጠና ግር አላቸው፤ ደረጃ ያለ መስሏቸው እግራቸውን ባዶ ላይ ያሳረፉ ሰው መሰሉ።

ከሦስተኛው ዴስክ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጭኗ ዘንግ እየተንቀጠቀጠች ተነሳች፤ ቀጥ ብላም ቆመች።

«አልገባኝም ጋሼ» አለ ማሙሽ።

ጠና ወደ ዓይናዲስ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ። «ምኑ ነው ያልገባህ?»

«አዲሱ መለኪያ። ውሃው ጨው ሲኖረው ቁጥሩ ለምን ይወርዳል?»

«የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል ስለሆነ ነው።»

«እሱን ነግረውኛል። ለምን ይወርዳል?»

ጠና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገሙት፣ ቀስ አድርገው። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናዲስ መልሱን ታውቀው ነበር። ጨዉ ተበትኖ ኤሌክትሪኩን ስለሚሸከም ውሃው የሚከለክለው ያንሳል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዋጠችው። ቴክኒሻኑ የቦርሳውን ዚፕ ያያል። ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆና አምፖል ተመለከቱ።

«መለኪያውን የተከለው ባለሙያ ለእኔም የነገረኝ እንዲሁ ብሎ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይህችኑ ቃል። ገባህ ወይ አለኝ። ሠራተኞቼ አጠገቤ ቆመው ነበር።» ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። «ገብቶኛል አልኩት።»

ማንም አልሳቀም። ዓይናዲስ ማሙሽን የሠሩት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የነገሯት ትዝ አላት፤ በጊዜ ብዛት ሰው ይመስላል ብለዋት ነበር። ሰው የሚመስለው በብልሃቱ እንደሚሆን ነበር ያን ጊዜ የገመተችው።

«ቦርሳህን ዝጋ» አሉ ጠና ቴክኒሻኑን። «ውሃውን ለጊዜው በእጃችን እንለቃለን።»

«ለምክር ቤቱ ምን ልበል?»

«ወድቋል በላቸው። የወደቀ ደግሞ ክፍል ይደግማል እንጂ አይደመሰስም። ስለ መለኪያው የሚነገረውን እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

የማሙሽ ዘንግ እንደገና ተነሳች።

«ብቻዬን ነው የምደግመው?»

ጠና በዴስኮቹ መሐል አልፈው ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ፌቨን «ጠጋ በይ» አለች ሲፈንን፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፤ ሁለቱም ወደ ዳር ተጠጉ። ኢንጂነሩ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏቸው ወደ ጎን አዞሩት።

ዓይናዲስ ብርጭቆው ውስጥ ንጹህ ውሃ ቀዳች። ሽቦዎቹን ነከረች፤ አምፖሉ አልበራም። የጨው ዕቃውን ስትፈልግ ሁመድ ከቦታው ተነስቶ መጣ። እናቱ ትተውት የሄዱትን የደረቀ ችግኝ አነሳና፣ ግንዱ ላይ የደረቀውን ጨው በጥፍሩ እየፋቀ ብርጭቆው ውስጥ አራገፈው። ብዙ ፋቀ። አምፖሉ መጀመሪያ እንደ ፍም ቀላ፤ ከዚያ በራ። አላጨበጨቡም።

ሁመድ ወደ ቦታው አልተመለሰም። እዚያው እንደቆመ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ጨዉ አሁን የት ነው ያለው?»

መልሱ ረጅም ነበር። ዓይናዲስ ጠመኔ አንስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስታስረዳ ሦስት ጊዜ አቋረጧት፤ ሁለቱን ያቋረጧት ኢንጂነር ጠና ናቸው። የመውጫው ደወል ሲደወል ሰሌዳው ገና ግማሽ ነበር፤ ማንም አዎ አላለም።