ከሞተሩ ሆድ ስር

«አስር ደቂቃ ይበቃኛል» አለች ሚጡ፣ መፍቻውን በእጇ እያገላበጠች። «ሰዓት ያዝ።»

ሬድዮ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። ስሙን ያወጡለት የክፍላቸው ልጆች ናቸው፤ ጠዋት የሰማትን ወሬ እስከ እረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱን ያዳርሳታል። ሚጡ የእናቷን ሞተር ሳይክል ዘይት ብቻዋን እንደምትቀይር ስትናገር «ጉራ አትንዢ» ያላትም እሱ ነው። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ቤታቸው ጠርታ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ በዓይኑ አይቶ ይመስክር ብላ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዋን ስትቀይር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። እናቷ ነርስ ናት፤ የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ በኮረኮንች መንገድ ስትዞር ትውላለች። ድንጋይ እንዳይመታው ከሞተሩ ሆድ ስር ወፍራም መከላከያ ብረት ታስሯል። ዘይት ሲቀየር መጀመሪያ ይህ ብረት ይፈታል፤ የእናቷ ሕግ ነው። ሌላም ልማድ አላት፤ ሞተሩን ማንም ይሥራው ማን፣ ጎንበስ ብላ ከስር ሳታይ አትነሳም።

ብረቱን የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው፤ ሁለቱ ጭቃ የጠጡ ግትሮች። ታዲያ ብረቱ ላይ፣ ልክ በዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አንጻር፣ አንድ ቀዳዳ አለ። በዚያ በኩል መፍቻ ቢገባ ማን ያያል? ሬድዮ እንደሆነ ሰዓት እየቆጠረ ነው።

የማፍሰሻውን ቡሎን በቀዳዳው ፈታችው። አሮጌው ዘይት ወደ ሳፋው ወረደ፤ ጥቂቱም ወደ ጎን ተረጭቶ ብረቱ ላይ ቀረ። ቡሎኑን መልሳ አጠበቀች፣ አዲሱን ዘይት ሞላች፣ ሞተሩን አስነስታ ትንሽ አቆየችና አጠፋችው።

«ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» አለ ሬድዮ። «በቃ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይሰማታል።»

ሚጡ እንደ ጋራዥ አለቃ እጇን በጨርቅ ጠራረገች። ገና ፈገግታዋ ሳይጠፋ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ከብረቱ ጥግ አንድ ጥቁር ጠብታ ሲሚንቶው ላይ አርፏል። ቆየት ብሎ ሌላ ተከተለ።

«ቅድም የተረጨው ነው» አለ ሬድዮ። «ምን አስጨነቀሽ?»

«ቡሎኑ እያፈሰሰ ቢሆንስ?»

ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየች፤ ጨለማ ብቻ ነው። አዲሱ ዘይት ቢፈስም ብረቱ ላይ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ ያው ጥቁር ይሆናል። እናቷ ብረቱን አስቀድማ የምትፈታው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ነገ ማለዳ እናቷ ጋራዥ ቀርቶ ሰው በማይገኝበት መንገድ ሁለት ሰዓት ትነዳለች። ዘይቱ እዚያ ቢያልቅ ሞተሩ ተቃጥሎ ይቆማል፤ እሷም ከነክትባቷ በረሃ ላይ ቀረች ማለት ነው።

«ሚጡ፣ አለቀ እንዴ?» አለች እናቷ በመስኮት።

«አለቀ በያት» አለ ሬድዮ በሹክሹክታ።

ሚጡ ወደ መስኮቱ ዞረች። «አላለቀም እማዬ። ብረቱን ሳልፈታ ነው የቀየርኩት፤ ይንጠባጠባል። አሁን ልፈታው ነው።»

«እሺ፣ ቀስ ብለሽ» አለች እናቷ፤ ከመስኮቱም ዞር አለች። ልርዳሽም አላለች፣ አልወጣችምም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ሚጡ በራሷ እየተናደደች። «ሰዓቱን አጥፋው።»

ግትሮቹ ቡሎኖች አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አስለፏት። የጣቷ ቆዳ ተላጠ። ሬድዮ ሳትጠይቀው ጨርቅ ያቀብላት ጀመር። ብረቱ ሲወርድ የተጠራቀመውን ዘይት ደፋች፤ ብረቱንም፣ የሞተሩን ሆድም፣ ቡሎኑንም እስኪያብረቀርቁ ወለወለች። ከስር ነጭ ወረቀት ዘርግታ ሞተሩን አስነሳችና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«አላልኩሽም?» አለ ሬድዮ። «በከንቱ ለፋሽ።»

«ቅድም አንተም እኔም ስንገምት ነበር። አሁን አውቃለሁ።»

በዘጠኝ ደቂቃ ከሃያው ያልኮራችውን ያህል በዚያ ነጭ ወረቀት ኮራች። ብረቱን መልሳ አሰረችው።

«ነገ ታዲያ የትኛውን ላውራ?» አለ ሬድዮ። «ዘጠኝ ደቂቃውን ወይስ ይህን ሁሉ ጣጣ?»

ሚጡ ትንሽ አሰበች። «ሁለቱንም አውራ።»

በማግስቱ ማለዳ እናቷ የክትባት ሳጥኗን አሰረች፣ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ እግሯን አሻግራ ሞተሩ ላይ ተቀመጠች። አልጎነበሰችም። ሚጡ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ ከኩራት የተነሳ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

እናቷ ልታስነሳ ስትል ግን «ቆይ እማዬ» አለች። ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በዩኒፎርሟ ተንበርክካ ከስር አየች።

«ደረቅ ነው» አለች ስትነሳ። «አሁን ሂጂ።»