የተሰረዙት ድምፆች

ሊቲያ ናውሉ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትደውል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«እትዬ ሜሬ፣ አባቴ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ ልቡ ነው ይላል፤ እኔም ነርስ ስለሆንኩ ልቡ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መጥተሽ እዪልኝ።»

ኢንስፔክተር ሜሬዋሌሲ ቱሪ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዛ፣ የድንጋዩን ደረጃ ወጥታ ስትደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በትንሿ የደሴት ከተማ በሌቩካ ሰው የማይተዋወቅበት ቤት የለም፤ እሷም ይህን ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጡረተኛው የሬዲዮ ሰው አፔኒሳ ናውሉ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሥራ ካቆመ ወዲህ በደሴቲቱ መንደሮች እየዞረ የሽማግሌዎችን ወግ፣ የሴቶችን ዜማ፣ የታመሙ ሰዎችን የመጨረሻ ቃል ይቀዳ ነበር።

ኮምፒውተሩ በርቷል። አጠገቡ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ተሰክተዋል። አንደኛው አዲስ ነው፤ የፋብሪካው ተለጣፊ እንኳ አልተላጠም፣ ትንሿ መብራቱም ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ያልገባሽ ምንድን ነው?» አለች ሜሬዋሌሲ።

ሊቲያ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ ወደ ተቀመጠች ትንሽ ብልቃጥ ጠቆመች። «የልብ ክኒኑ። ከሸሚዝ ኪሱ ተለይቶ አያውቅም። ትከሻውን ሪህ ከያዘው ወዲህ ደግሞ አባቴ እጁን ከአገጩ በላይ አያነሳም። እዚያ ላይ ማን አወጣው? እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።»

«ሌላስ?»

«አሮጌው ሃርድ ዲስክ ባዶ ነው። ከፈትኩት፤ ምንም የለም። የሰው ሁሉ ድምፅ... የእናቴም ድምፅ።» ይህን ጊዜ ድምጿ ተሰበረ።

የሊቲያ እናት ሳላ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከዋናው ደሴት የምትመለስ ጀልባ ስትሰጥም ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር ባሕር በልቷታል። ከእሷ የቀረው ባሏ የቀዳው ድምፅ ብቻ ነበር።

በረንዳው ላይ የአፔኒሳ የአርባ ዓመት ወዳጅ ኢሊሶኒ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ፣ የቀድሞ የጀልባ ካፒቴን፣ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ነው። ሜሬዋሌሲም በልጅነቷ መዝሙር የተማረችው ከእሱ ነው።

«ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ ልጄ?» አላት እንባውን እየጠረገ። «አዲሱን ፎርማት አደርጋለሁ፣ አጽድቼ አዘጋጃለሁ ብሎ አሮጌውን ነካ። የሳላን ድምፅ በገዛ እጁ ሰረዘው። ይህን አይቶ የማን ልብ ይችላል?»

መንደሩም በዚያው ምሽት ይህንኑ አወራ፤ ለሰሚው እጅግ የሚያሳዝን፣ እጅግም እውነት የሚመስል ነበርና። ሜሬዋሌሲ ግን ብልቃጧን አልረሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዲኔሽ ሱቅ ሄደች። ዲኔሽ ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ዛሬ ግን አልቀለደም።

«ትናንት ሱቁን ስከፍት አፔኒሳ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር» አላት። «ፈጣኑን ዲስክ ልሸጥለት ፈልጌ ነበር፤ ያን በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን። ‹ለምኔ ነው? የሞቱ ሰዎች አይቸኩሉም› አለኝ። ለማስቀመጫ ይህ ይበቃል ብሎ ባለ አራት ቴራባይቱን መረጠ። እውነቱን ነው።»

«አጠቃቀሙን አሳየኸው?»

«አስጻፍኩት እንጂ! አሮጌውን መጀመሪያ ንቀል አልኩት። ፎርማት ሁለት ዓይነት ነው፣ ፈጣንና ሙሉ፤ አዲስ ዕቃ ስለሆነ ሙሉውን አድርግ፣ እያንዳንዷን ቦታ ይፈትሽልሃል፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ እስኪጨርስ አትንካው አልኩት። አምስት ሰዓት ላይ ደውሎ ‹ይህ ዕቃህ ከኤሊ ይብሳል› ብሎ ሰደበኝ። ከዚያ አላገኘሁትም።»

«ፈጣኑን ያደረገ ሰውስ?»

«ጊዜ ይቆጥባል። ግን የመጽሐፍ ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ እዚያው ናቸው።» ይህን ብሎ ዲኔሽ በድንገት ቀና አለ። «አሮጌውን ስጪኝ እስቲ።»

ሜሬዋሌሲ ከዚያ ኢሊሶኒን ከቤቱ አገኘችው። መዘምራኑ ለቀብሩ የሚለማመዱትን ዜማ በፍላሽ እየጫነ ነበር።

«ይህንንም ይችሉበታል እንዴ ጋሼ?» አለችው።

«ምን ይደረግ! ሲሞላ አጸዳዋለሁ፣ እንደገና እሞላዋለሁ። ከዚህ አያልፍም።»

«ትናንት አፔኒሳን አይተውት ነበር?»

«አምስት ተኩል ላይ ዓሣ ወስጄለት ነበር። ድምፆቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ እየገለበጠ፣ ደስ ብሎት ነበር። ከስድስት ሰዓት በፊት ወጣሁ።»

ሊቲያን ለሁለተኛ ጊዜ ያነጋገረቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

«ትናንት ለምሳ መጥተሽ ነበር፤ ጎረቤት አይቶሻል። ለምን ደበቅሽኝ?»

ሊቲያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ተጣልተን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ መጣሁ። ‹እናቴ ሞታለች፤ ያ የድምፅ ሳጥንህ እንድትቀበር አልፈቀደም፣ በየምሽቱ ታናግራታለህ› አልኩት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ይዞት ነበር። ስድስት ተኩል ላይ በር ወርውሬ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ያ ነው እትዬ ሜሬ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«ከዓሣው በልተሽ ነበር?»

«የምን ዓሣ? ዓሣው ማታ ነው ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ያገኘሁት። ቀን ሳህኔን ሳጥብ ገንዳው ባዶ ነበር።»

ሜሬዋሌሲ ወደ ገንዳው ተመለከተች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባት፤ እንዲያ ባይሆን ግን በወደደች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በአፔኒሳ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሊቲያ ምንጣፉ ላይ፣ ዲኔሽ ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ኢሊሶኒ በሩ ጥግ ተቀመጡ።

«አፔኒሳ ተሳስቶ ሰረዘ ተባለ» ብላ ጀመረች። «ልቤ ይህን ሊያምን ፈልጎ ነበር። ግን ኮምፒውተሩ የሥራውን ሰዓት መዝግቦ ይይዛል። አዲሱን ሃርድ ዲስክ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሙሉ ፎርማት ማድረግ ጀምሯል፤ እኔ ማታ ስገባም ገና አልጨረሰም። አሮጌው የተሰረዘው ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ያውም በፈጣኑ። አዲሱ ዓይኑ ሥር እየሠራ እያለ አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው የለም። ሌላ ሰው ነው ከጨርቁ አውጥቶ የሰካው። ያው ሰው ክኒኑን መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለ።»

«እኔን ነው?» አለ ዲኔሽ። «ምሳ ሰዓት ሱቄ ዝግ ነበር፤ ምስክር የለኝም።»

«አንተ ድምፅ ልታጠፋ ብትፈልግ ፈጣኑን አትመርጥም፤ እንደማያጠፋ ታውቃለህ። ሊቲያም ያለ በርጩማ እዚያ አትደርስም። ደግሞ ሁሉም ልቡ ነው ብሎ ሊቀብረው ሲል የጠራችኝ እሷ ናት።» ወደ በሩ ዞረች። «ጋሼ ኢሊሶኒ፣ ሲገለብጥ አየሁ አሉኝ። ፎርማቱ ያላለቀ ሃርድ ዲስክ አንድም ድምፅ አይቀበልም። ከስድስት ሰዓት በፊት አመጣሁ ያሉት ዓሣም ስድስት ተኩል ላይ እዚህ ቤት አልነበረም። የመጡት ከሊቲያ በኋላ ነው።»

ኢሊሶኒ አልተነቃነቀም። «ወንድሜን ለምን እገድለዋለሁ?»

«ይህን አላውቅም ነበር። ዲኔሽ፣ አሰማን።»

ዲኔሽ ሙሉውን ጠዋት ደክሞ ካወጣቸው ድምፆች አንዱን ከፈተ። ሰውየው በጭንቅ እየተነፈሰ ይናገራል። ሁሉም አወቁት፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የሞተው፣ የሰጠመችው ጀልባ መካኒክ ቶማሲ ነው።

«የጀልባዋን ሆድ በጨርቅና በሬንጅ ደፍኜ፣ ጠገንኳት ብዬ ለካፒቴኑ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ኢሊሶኒ መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ አይቼዋለሁ። ግን ነቅቶ ቢሆን ኖሮም አያድናትም ነበር፤ ከሥር ነው የተቀደደችው። ሃያ ሁለት ዓመት ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሲያምን ዝም ብዬ አየሁት። አፔኒሳ፣ ሚስትህን የገደልኳት እኔ ነኝ። ለኢሊሶኒ ንገርልኝ።»

ከዚያ የአፔኒሳ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፦ «እነግረዋለሁ። አንተ አርፈህ ተኛ።»

ዲኔሽ እዚያ ላይ አቆመው።

«አዲሱ ሃርድ ዲስክ ትናንት ምሽት ፎርማቱን ሲጨርስ የተሰጠው ስም ታየ» አለች ሜሬዋሌሲ ቀስ ብላ። «አፔኒሳ ‹ኢሊሶኒ› ብሎ ሰይሞታል። አውሎ ነፋስ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳ፣ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ቤት ይቀመጥ ብሎ ነው ዲኔሽ የመከረው። አፔኒሳ የመረጠው የእርስዎን ቤት ነው።»

ኢሊሶኒ ዓይኑን በአዲሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ተከለ።

«ደውሎ ጠራኝ። ‹ቶማሲ ሁሉን ነግሮኛል፤ ተኝተህ እንደነበር አውቃለሁ› አለኝ። ሊቀጥል ነበር። አላስጨረስኩትም። ጮህኩበት፣ ያን ነገር አጥፋው አልኩት። ደረቱን ያዘ። ክኒኑን ከኪሱ ሲያወጣ ከእጁ ወደቀ። አነሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«እጁን ዘረጋልኝ። እኔ... ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት። እስኪያበቃ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሳጥኑን ከጨርቁ አወጣሁ። ዓሣውን እንኳ እንዳመጣሁት ገንዳው ውስጥ ትቼው ሄድኩ።» ወደ ሊቲያ ዞረ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ብታገሰው ኖሮ፣ ልጄ። አንድ ብቻ።»

ሊቲያ ጀርባዋን ሰጠችው። ፊቷን በእጇ ሸፍና ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች፤ «የእናቴን አውጥተኸዋል?» ብላ ዲኔሽን በሹክሹክታ ጠየቀችው። እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሜሬዋሌሲ ካቴናውን ከቀበቶዋ አላወጣችም። ሽማግሌውን ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው፤ በባሕሩ ዳር መንገድም ጎን ለጎን ሄዱ። የሚያልፍ ሁሉ ኮፍያውን እያነሳ የኀዘን ሰላምታ ይሰጠው ነበር፤ ወዳጁን ያጣ ሰው ነውና። ከገበያው ጥግ ካሳቫ የምትሸጥ አሮጊት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ጋሼ ኢሊሶኒ፣ እግዜር ያጽናዎት! ለአፔኒሳ ቀብር የምንዘምረው መዝሙር ልምምድ ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

ኢሊሶኒ ቆመ።

«እኔ አስለምዳችኋለሁ እማማ» አለች ሜሬዋሌሲ። «አሥር ሰዓት ላይ ኑ።» ክንዱንም እንደያዘች ወደ ጣቢያው መንገዱን ቀጠለች።