የሰልፉ ጅራት

«ወረቀት አልቋል በያቸው፤ ሁለት ቃል ናት» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ አንገታቸውን በመሀረብ እየጠረጉ። «እኛ ብንነግራቸው ይጨቃጨቁናል። አንቺን ግን ያምኑሻል።»

ልጅቷ ምርጫ ጣቢያ የሆነውን የስምንተኛ «ለ» ክፍል በር ተደግፋ ቆማለች። የመጣችው የእናቷን መነጽር ልታቀብል ብቻ ነበር። እናቷ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ዛሬ ግን እንደ መምህራኑ ሁሉ ምርጫ አስፈጻሚ ሆና፣ ከንጋት ጀምሮ የመራጮች መዝገብ ላይ አቀርቅራለች። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ምክትሉ ናቸው።

«ወረቀቱ አላለቀም እኮ፣ ቲቸር» አለች። ያልተከፈተ የድምፅ መስጫ ወረቀት ጥቅል ከውስጥ ጠረጴዛው ላይ ይታያታል።

«ሰው አልቋል! እናትሽን ጨምሮ ሁላችንም ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነን። ገና ቆጠራ አለብን። እነዚያ የጡብ ፋብሪካ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የት ነበሩ?»

ሥራ ላይ ነዋ! ፋብሪካው ሠራተኞቹን የሚለቀው አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ምክትሉ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ማመልከቻሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰኞ አየዋለሁ።»

የማሟያ ፈተናው ማመልከቻ ነው። የፈተናውን ሳምንት ታይፎይድ ይዟት አልጋ ላይ አሳልፋዋለች። እሳቸው ካልፈረሙ ጓደኞቿ ያልፋሉ፤ እሷ ትደግማለች። ቢጮሁባት ኖሮ ምናልባት ፈርታ እሺ ትል ነበር። ያ ለስላሳ ድምፅ ግን ደሟን አፈላው። ቢሆንም ወደ ግቢው በር ሄደች።

ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቶ፣ አጥሩን ተከትሎ እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ደርሷል። ሠራተኞቹ ቅንድባቸው ሳይቀር በጡብ አቧራ ቀልተዋል። «ማይክ መጣች!» አለ አንዱ ወጣት እየሳቀ። ጠዋት ጠዋት ለተማሪዎች ማስታወቂያ የምታነብበው እሷ ስለሆነች ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው።

ጅራቱ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጫማቸውን አውልቀው እላዩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ወረቀቱ አልቋል ይባላል። እውነት ከሆነ ንገሪንና እንሂድ፤ እግሬ ከዳኝ።»

ውሸቱን ሴትዮዋ ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጧት። አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ክፍል ደግማ ከአንድ ዓመት ታናናሾቿ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን በሐሳቧ አየች።

«አላለቀም» አለች።

«እ?»

«አላለቀም፣ እትዬ!» ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። «ወረቀት አለ! እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ሰልፍ የያዘ ሰው ይመርጣል! ማንም እንዳይሄድ!» እናቷ የአስፈጻሚዎችን መመሪያ ሳምንቱን ሙሉ ጮክ ብላ ስታጠና ጆሮዋን አደንቁራት ስለነበር ሕጉን በቃሏ ይዛዋለች።

ምክትሉ ድምጿን ሰምተው ወደ ግቢው በር እየተንደረደሩ መጡ። የዛሬው ሰልፍ አስከባሪ በሩ ላይ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ምክትሉ እሷን ትተው ለእሳቸው «በሩን ይዝጉት!» አሏቸው።

ዘበኛው ሰዓታቸውን አዩ። «ለአስራ ሁለት ገና አምስት ደቂቃ አለው።»

«ይዝጉት አልኩ!»

«እዘጋለሁ፣ ምን ገዶኝ። ግን የሚዘጋው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው» አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ግቡ እስቲ! በአራት በአራት፣ እንደ ተማሪ!»

ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ ግቢውን ሞሉት። ምክትሉ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አሉ፤ የሰማቸው የለም። ሴትዮዋ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ልጅቷ ከኋላቸው ነበረች።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው «መጨረሻው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሴትዮዋ ወደ መሬት አዩ። መጨረሻ መሆን መባረር ማለት የመሰላቸው ይመስላል።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ አትመርጪም!» አሉ ምክትሉ።

«አልመርጥም። ከፊቴ ያሉት ግን ይመርጣሉ።»

ዘበኛው በሩን ከጀርባዋ ገጭ አድርገው ዘጉና መቀርቀሪያውን ወረወሩ። «ይኸው፣ ይዝጉ አሉኝ፣ ዘጋሁ» አሉ ወደ ምክትሉ ዞረው። ግቢው በሳቅ ሞላ። ምክትሉ አልሳቁም። ወደ ልጅቷ ተጠጉና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ» አሏት።

ማመልከቻው እንደማይፈረም ከፊታቸው አነበበች። ሰኞ ከእናቷ ጋር እንደምትመጣ፣ ካልሆነም ርዕሰ መምህሯ ዘንድ እንደምትገባ እዚያው ቆማ ወሰነች።

«እመጣለሁ፣ ቲቸር» አለች። «አሁን ግን መንገድ ይልቀቁልን።»

ከስምንተኛ «ለ» የእናቷ የደከመ ድምፅ «ቀጣይ!» ሲል ተሰማ። ምክትሉ ከመንገዱ ገለል አሉ፤ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ።