የዓርቡ ሽሮ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በኢየሩሳሌም ከተማ፣ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እንቁላል ገማ።

እንቁላል መግማቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ዶክተር እንዳለ እንቁላሎቹ መሀል በግንባሩ ተደፍቶ መገኘቱ ነበር።

መርማሪ አመለወርቅ ከቃታሞኒም ሰፈር የሰንበት ልብሷን እንደለበሰች መጣች። በሩ ሲከፈት ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ገብቶ ተቀመጠ። ክፍሉ ለድሆች አገሮች የሚሆን የወፍ ጉንፋን ክትባት የሚሠራበት ነው። ክትባቱ የሚዘጋጀው ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ ስለሆነ ክፍሉ ሌት ተቀን እንደታቀፈች ዶሮ ሆድ ይሞቃል። ወለሉ ላይ ላባ ያላበቀሉ፣ ዓይናቸው ብቻ ያበጠ ጫጩቶች ከአስኳል ጋር ተለውሰዋል። የሟቹ ማጅራት በብረት ትሪ ተመትቷል።

የፖሊሱ ሐኪም አፍንጫውን ይዞ፣ «መቼ እንደሞተ አትጠይቂኝ» አላት። «በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቀዘቅዝም። ጠዋትም ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓትም።»

የተቋሙ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሚሪ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። «ልቤ ተሰብሯል» አለች፤ ትንፋሿንም ሳትመልስ፣ «የእሑዱ ሥነ ሥርዓት ግን አይቀርም፣ አይደል?» ስትል ጠየቀች። እሑድ የመጀመሪያው ክትባት ወደ አፍሪካ ሊሸኝ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሳንድዊች ታዟል።

ምክትሏ ታከለ በንጹሕ መሐረብ ያለቅስ ነበር። እንደ አመለወርቅ ሁሉ ጎንደር ገጠር ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ቤተ እስራኤል ነው።

«ወንድሜን አጣሁ፣ እህቴ።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት፣ ጋሽ ታከለ?»

«እኩለ ቀን ላይ። ያው ዓርብ አይደል? ለክርስቲያን ጾም ነው፣ የፍስክ አልነካም አለኝ። ምሳዬን ሽሮውን ሰጠሁትና ሲበላ ትቼው ወደ ቤቴ፣ ቂርያት ሃዮቨል ሄድኩ። ሚሪም አብራኝ ወጣች።» ጠረጴዛው ላይ ሽሮ የደረቀበት ባዶ ዕቃ አሳያት።

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«እኔ ሰው አላማም» አለ ታከለ፤ ወዲያውም አማ። «ከእኛ ሌላ ቁልፍ ያላት ረዑት ብቻ ናት። ትናንት ተጣልተው ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።»

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ረዑት፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም የተወለደች የቤተ እስራኤል ልጅ፣ በካቴና ታስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋ ላይ አስኳል ደርቋል። ፖሊስ የጠራችው ራሷ ናት፤ ፖሊስም መጥቶ ጠሪዋን አሰረ።

«በኤመት፣ በእውነት፣ እትዬ፣ አልነካሁትም» አለች፣ አማርኛዋን እየፈለገች። «እንቁላሎቹን ከሰዓት ላገላብጥ መጣሁ። ሽታው... ከፈትኩ፣ እሱ እዚያ ነው።»

«ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«እንቁላሎቹን በመብራት አየን። ከውስጥ በስብሰዋል። የእሑዱ ክትባት ከእነሱ ነው የተቀዳው። እሱ እሑድ በሰው ፊት እናገራለሁ አለ። እኔ አትናገር፣ ያባርሩሃል ብዬ ጮህኩበት።»

የአመለወርቅ አለቃ በስልክ ነገሩን አሳጠረው። «ቁልፍ አላት፣ ጠብ ነበረ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ሌላ ሰው አልገባም። እሑድ ከሰዓት ልጅቷን እንከሳለን። አንቺ ምን ቀረሽ?»

«ሽታው» አለች አመለወርቅ፤ ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ጠዋት እንዳለ ተከራይቶ ወደሚኖርበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጠገብ ወዳለው ቤት ሄደች። ምግቡን የሚሠሩለት እማሆይ እናና ከደጅ ተቀምጠው ነበር።

«ዓርብ ጠዋት ደኅና ነበር፣ እማሆይ?»

«ምን ሆኖ ልጄ! እንቁላል በቅቤ ጠብሼ ሰጠሁት። “እማሆይ፣ ቀኑን ሙሉ እንቁላል ሳይ የምውለው አነሰኝ?” ብሎ ሳቀብኝ። ሳህኑን ግን በእንጀራ ጠርጎ ነው የወጣ።»

አመለወርቅ ወደ እማሆይ ጠጋ አለች። «ዓርብ አይደል? ጾም አልነበረም?»

እማሆይ ከት ብለው ሳቁ። የመለሱላት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሁለቴ አስደገመቻቸው።

ሥነ ሥርዓቱ የመሸኛም የኀዘንም እንዲሆን ተወስኗል፤ አበባው ለሁለቱም ያገለግላል። በተቋሙ አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ የክትባት ብልቃጦች ለፎቶ ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው መርፌዎች። ሳንድዊቹ የተፈጨ እንቁላል ነው። እንግዶቹ ያኝካሉ። ታከለ «ይህ ክትባት የወንድሜ አደራ ነው» እያለ ሲናገር፣ አመለወርቅ ረዑትን ከነካቴናዋ ይዛ ገባች።

«ንግግርዎን ይጨርሱ፣ ጋሽ ታከለ። ወይስ እኔ ልጨርስልዎ?»

ማኘኩ ቆመ።

«ክፍሉ ስለሚሞቅ እንዳለ መቼ እንደሞተ ሬሳው አይናገርም» አለች። «እኩለ ቀን ላይ በሕይወት ነበር ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ቃል ረዑትን አሰረ። ጠዋት እዚህ የነበሩትን ነጻ አወጣ፤ ሚሪን፣ እርስዎንም።»

«ሽሮውን በዓይኔ...»

«ሽሮውን የበሉት እርስዎ ነዎት። እንዳለ ጾም ነው ሊል አይችልም፤ ጠዋት እንቁላል በቅቤ በልቷል።»

«ዓርብ እኮ ነው!» ታከለ ሳቅ ሞከረ። «ክርስቲያን ዓርብ እንደሚጾም ለአንቺ ይነገራል? ጎረቤቶቻችን አልነበሩም?»

«ነበሩ። እኔም እንደርስዎ ዓርብ ሁሉ ዓርብ ይመስለኝ ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ዓርብም ቢሆን ይበላል። አሁን በሃምሳው ውስጥ ነን።» ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ይህን ውሸት ሚሪ ልትፈጥረው አትችልም፤ ዓርብ እንደሚጾም ከነጭራሹ አታውቅም። ክርስቲያንም አይፈጥረውም፤ ሃምሳውን ያውቃል። ሊፈጥረው የሚችለው በክርስቲያን አጥር ሥር ያደገ፣ የጎረቤቱን ጾም አይቶ ፍስኩን ያላየ ሰው ነው። እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እኔና እርስዎ ነን። እኔ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ገበያ ነበርኩ።»

ታከለ መሐረቡን አወጣ፤ አላለቀሰበትም፣ ላቡን ጠረገበት። «ተው አልኩት» አለ በአማርኛ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር። «እዚህ መድረክ ላይ ለመቆም ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄአለሁ። በእንግዶቹ ፊት ገማ ሊል! ማን ይሞታል? ሩቅ ያሉ ሰዎች... ለእነሱ ደግሞ መቼም ሌላ ይላካል።»

ሽታው አመለወርቅን አሁንም አልለቀቃትም። ካቴናውን ከረዑት እጅ ፈትታ በእሱ እጅ አሰረችው። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሚሪ ቀድማ ደረሰች። ረዑትን በእንግዶቹ ፊት አቅፋ፣ «ልጃችን ናት! አንድም ቀን አልተጠራጠርናትም» አለች። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረች። «ምስኪኑ እንዳለም ተሳስቶ ነበር። ክትባቱ ፍጹም ጤናማ ነው፤ ነገ ይሄዳል።»

ረዑት ከእቅፏ ወጣች። የታሰረበትን እጇን እያሻሸች ወደ ነጩ ጠረጴዛ ሄደች። አንድ ብልቃጥ ከፈተች፣ በመርፌ ሳበች፣ አየሩን አስወጣች።

«በቫካሻ፣ እባክሽ፣ ፕሮፌሰር» አለች በትሕትና። «እጅጌሽን።»

የሚሪ እጅ ቀስ ብሎ ከጀርባዋ ዞረ። ከኋላ ወንበር አንድ እንግዳ የእጅጌውን ቁልፍ ቆለፈ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ።