በበቆሎው መሐል የለመለመ ሣር

በቆሎ አብቃዩ ሰውዬ ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የአረም መድኃኒት ጠጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ ማርከሻ አጥተው እጃቸውን አጣጥፈው አዩት። ጉሮሮው ስለተቃጠለ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለፈ።

ባልደረቦቿ «እመት ለምን» የሚሏት መርማሪ እርሻው ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል፤ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ የላከችለት ሚስቱ ናት፣ የገደለችውም እሷው ናት።

«የኔ ጠርሙስ ይኸውና» አለች ሚስትየው። «ሳይከፈት ተመለሰ። ግን ማን ይስማኝ?»

መርማሪዋ ማሳው ውስጥ ገባች። በበቆሎው ረድፎች መሐል የግጦሽ ሣር ተዘርቷል፤ እህሉ ሲነሣ ለከብት እንዲተርፍ ነው። ሣሩ ለምልሞ ከበቆሎው ጋር ቁመት ይለካካል።

«እንዲህ መሆኑ ደግ ነው?» ስትል አብሯት የመጣውን የቀበሌውን የእርሻ ባለሙያ ጠየቀችው።

«ኧረ የለም! በቆሎውን ይጫነዋል። መድኃኒቱን የሰጠኋቸው ለዚሁ ነው። በጥቂቱ ሲረጭ ሣሩ አይሞትም፤ ቢጫ ሆኖ በቆሎው እስኪቀድመው ይቀጭጫል።»

«የሚረጨው ማን ነበር?»

«የሟቹ ታላቅ ወንድም፤ ማሳውን አብረው ነው የሚያርሱት። ከሳምንት በፊት ጨርሻለሁ ብሎኛል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የወንድማማቾቹ እናት ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ከብቶችዎ እንዴት ናቸው?» አለችው ታላቅየውን።

«አጥንታቸው ይቆጠራል።»

«ለዚያ ነው ለሣሩ የሳሱለት። ቢረጩት ቢጫ ይሆን ነበር፤ እሱ ግን አረንጓዴ ነው። ካልተረጨ መድኃኒቱ የሆነ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። የሚስቱ ጠርሙስ አልተከፈተም። ታዲያ ሟቹ የጠጣው የማንን ነው? አለመርጨትዎን ወንድምዎ እንዳያውቅብዎ መድኃኒቱን ውሃ መያዣ ውስጥ ገልብጠው ማሳው ዳር ደበቁት። እሱ ደግሞ ጠማው።»

ሰውዬው መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ነገ እደፋዋለሁ፣ ነገ እደፋዋለሁ ስል… እሷን ሲሰድቧትም ዝም አልኩ። ፈራሁ።»

ሚስትየው ነጻ ወጣች፤ ደስ ግን አላላትም። እናትየው የመርማሪዋን ክንድ ያዙ።

«ልጄ፣ ብልህ ነሽ ይላሉ። አንዱ አፈር ገባ። ይሄኛውን የማትወስጂበት መላ ይጠፋሻል?»

መርማሪዋ አሰበች፤ ከልቧ አሰበች። ምንም አላገኘችም።

«ጠፋኝ፣ እማማ።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሥተው የልጃቸውን ሹራብ ሊያመጡለት ወደ ጓዳ ገቡ።