ሞራ የያዘው መስኮት

ሟቹ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነው ማጅራቱን የተመታው። ምቱ አንድ ነው፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። በቀኝ እጁ እርጥብ መወልወያ ጨርቅ ጨብጧል።

ሰፈሩ «አባ መስኮት» ይለው ነበር። ጉልበቱ እስኪደክም የመስኮት ማምረቻ ሲያስተዳድር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የገዛ ቤቱን መስኮቶች እንደ በኩር ልጅ ማሞላቀቅ ጀመረ። የመስታወቱን ዙሪያ ማሸጊያ ጎማ በሳሙና ውሃ ያሻል፤ ከክፈፉ ግርጌ ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል፤ ማጠፊያቸውን ዘይት ያጠጣል። ሚስቱ «ከዚህ ሰው ጋር ለመኖር ወይ መስታወት መሆን ነው፣ ወይ ጎማ» ትል ነበር።

ከፊተኛዋ ሚስቱ የወለዳት አንዲት ልጅ አለችው። አፏ ስለሚቆርጥ «ምላጭ» ብሎ የሰየማት ራሱ ነው። ያን ጠዋት ግን ምላጭ አፏን አልከፈተችም። አልቅሺ ቢሏትም አላለቀሰችም። ጓሮ ካለው የስብርባሪ ሣጥን አንድ ስለታም የመስታወት ስባሪ መርጣ፣ በመሀረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ለማን እንደሆነ ታውቃለች። የሰፈሩ መስታወት ሠሪ በአባቷ ደም ተጠርጥሮ ተይዟል፤ አጎቷ በዓይኔ አየሁት ብሏል። ፍርድ ቤት በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እስኪደረድር የመጠበቅ ሐሳብ የላትም። የቀራት አንዴ አጠገቡ መድረስ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለ ቀጠነች ነው የሚል አለ፤ ተወግቶ የሚያውቅ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣል። አስቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የሚመካበት አንድ ሥራ ነበረው፦ መግደያውን መዶሻ ያገኘው ከባዱን የሥራ ጠረጴዛ ከግድግዳው አስለቅቆ ከጀርባው ነው። ከበሩ ቢያዩ አይታይ፣ ከመስኮቱ ቢያዩ አይታይ። የት እንዳገኘው ለቤተሰቡ ሳይናገር በከረጢት አስሮ ይዞታል።

«ጎበዝ» አለችው መርፌ። «አሁንም ዝም እንዳልክ ቆይ።»

አጎትየው ሳሎን ነበር። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቁመቱ ረዥም፣ ካፖርቱ ንጹሕ፣ ድምፁ በሐዘን የሰለለ። ምላጭ ውሃ አቀረበችለትና «ይጠጡ አጎቴ፣ እርስዎም እንዳይታመሙብን» ብላ ከበሩ ጥግ ቆመች።

ከወንድሙ ጋር ለብዙ ዘመን ተኳርፈው እንደኖሩ፣ የታረቁትም በቅርቡ እንደሆነ ለመርፌ ነገራት። ከዕርቁ ወዲህ ብቅ ቢልም ከሳሎን አልፎ አያውቅም። ዛሬ ሊጠይቀው በማለዳ መጣ፤ ከጓሮ ድምፅ ሲሰማ በዚያው ዞረ።

«ከዚያስ?»

«መስኮቱ በጠዋቱ ብርድ አልቦት ነጭ ሆኗል። በእጅጌዬ ወልወል አደረግሁና ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ።»

«ምን አዩ?»

«ያንን ውሻ ነዋ! ቢጫ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወንድሜ ላይ ቆሟል። መዶሻውን ወደ ጠረጴዛው ጀርባ ወርውሮ ሲወጣ አየሁት። ዞሬ እስክደርስ አመለጠ።»

«በየትኛው እጅጌ ወለወሉት?»

«በቀኙ። ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ለእኔ ምንም» አለች መርፌ፣ እጅጌውን እያየች። «እንዲሁ መጠየቅ ልማዴ ነው።»

ምላጭ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የያዘው «ያንን ውሻ» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላው ነፋስ ሆኖ አለፋት።

ባልቴቲቱ ወጥ ቤት ቧንቧ ከፍታ ዕቃ ስታጥብ ምንም እንዳልሰማች ተናገረች። መስታወት ሠሪው በዋዜማው መጥቶ የሥራ ክፍሉን መስኮት እንደ ለካ፣ ሲሄድ መዶሻውን እዚያው እንደ ረሳ፣ ባሏም «ነገ አዲሱ መስታወት መድረሱን ሊነግረኝ ሲመጣ ይወስደዋል» እንዳለ አስረዳች። በዚያ ቀን አጎትየውም ሳሎን ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ እንደ ነበር ጨመረች። ስለ እሱ ስትጠየቅ የሻርፗን ጫፍ መጠቅለል ያዘች።

«መጀመሪያ የታጨሁት ለእሱ ነበር። ሥራ ፍለጋ ሩቅ ሄደ፤ ወሬውም ጠፋ። ታላቅየው ሚስቱ ሞታበት፣ ሕፃን ታቅፎ ነበር። ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ። ታናሽየው ሲመለስ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

«ምን አለሽ?»

«እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ሻንጣውን ከእጁ እንኳ አላስቀመጠም። ዞሮ ሄደ።»

መስታወት ሠሪውን እጁን በካቴና አስረው ጓሮ አመጡት። ታሪኩን የማያውቅ በሰፈሩ የለም። አባቱ በአባ መስኮት ማምረቻ ውስጥ ትልቅ መስታወት ተደርምሶበት ነው የሞተው። በቀብሩ ላይ ልጁ ጣቱን ቀስሮ «ተራህ ይደርሳል» ብሎ ነበር። ምላጭ እጇን ኪሷ ከትታ ወደ እሱ መራመድ ስትጀምር፣ መርፌ እንደ ዋዛ መጥታ በመካከላቸው ቆመች።

«ተራህ ይደርሳል ብለሃል?»

«ብያለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። በኋላ ሽማግሌው ራሱ መጥቶ ሥራ ሰጠኝ። ይቅርታ ሲጠይቅ ባላየውም፣ ሌላ ሰው ጠርቶ መስታወት አላስቆረጠም። ይቅርታው ያ ነው ብዬ ወሰድኩት።»

«ጠዋት ለምን ሮጥክ?»

«መዶሻዬን ልወስድ ስገባ ወድቆ አየሁት። ሰፈሩ ሁሉ መቼ ይሆን የሚገድለው እያለ ሲጠብቀኝ የኖረ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ቆመው ይጠብቃሉ?»

«ጥሩ ይዋሻል» አለች ምላጭ ከኋላ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያዋ ስድብ ናት። መርፌ ደስ ያላት መሰለች፤ ትከሻዋን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባቻት።

የከሰዓት ፀሐይ መስኮቱ ላይ ወድቋል። ውጩን ስስ አቧራ ቢለብስም መስታወቱ ጠርቶ የጓሮው ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታያል። ከግርጌው ግን ውሃ ወርዶ የደረቀበት ነጭ መሥመር አለ። መርፌ በጥፍሯ ፋቀችው።

«በከንቱ አይድከሙ» አለች ምላጭ። «በመሃል ነው።»

«በምን መሃል?»

ልጅቱ እንደ ታከተው መምህር ተነፈሰች። መስታወቱ ሁለት ነው፤ በመካከላቸው አየር ታሽጎ ሙቀቱን ይጠብቃል። እሽጉ ካረጀ እርጥበት ይገባል፤ በማለዳ ብርድ ያልበዋል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠራል። በጨርቅም በሲሊኮን ማሸጊያም አይድንም፤ ክፈፉ ይቀራል፣ መስታወቱ ይቀየራል።

«አባዬ ‹እንደ ዓይን ሞራ ያዘው› ይል ነበር። ይሄን አንዱን መወልወል ከተወ ቆየ። ለሰው ማሾፊያ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።»

«እንዴት ነው ማሾፊያው?»

«በማለዳ ጨርቅ አርጥቦ ይሰጥዎታል። ‹እስቲ ይህችን ጉም ወልውልልኝ› ይላል። እርስዎ ከውስጥ ያሻሉ፣ ዞረው ከውጭ ያሻሉ፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እትዬ፣ የእንጀራ እናቴ፣ ወድቃበታለች። እኔ ወድቄበታለሁ። ያ ገዳይ እንኳ የመስታወት ሰው ሆኖ ሳለ ለይሉኝታ አሽቶለታል።» ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ላገኘው ሁሉ አይሰጥም ደግሞ። የሚወደውን ሰው ብቻ ነው የሚያሾፍበት።»

መርፌ ዓይኗን ከመስኮቱ ወደ ልጅቱ ኪስ አወረደች። ቀጥላ «ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለቻት።

«መሀረብ።»

«መሀረብ ኪስ አይቀድድም።»

ምላጭ ወደ ታች አየች፤ የስባሪው ጫፍ ከጨርቁ ብቅ ብሏል። «ለማን እንደሆነ እያወቁ ይጠይቁኛል» አለች።

«እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። እስከ ነገ ጠዋት አቆይልኝ። ነገ ለማን እንደሆነ ራሴ አሳይሻለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል። ብቻ ሳትቆርጪ በፊት እኔ ልስፋ።»

በማግሥቱ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። መርፌ ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው፦ ባልቴቲቱን፣ አጎትየውን፣ ካቴና ያልተፈታለትን መስታወት ሠሪና ፖሊሱን። ምላጭን መስታወት ሠሪው አጠገብ አቆመቻት፤ እጅ ለእጅ እስኪነካኩ ድረስ። ልጅቱ ስባሪውን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። መስኮቱ እንደ ወተት ነጭቷል።

«ትናንት ያዩት እንዲህ ሆኖ ነው?» አለች መርፌ አጎትየውን።

«አዎ፣ ልክ እንዲህ።»

«እንዳደረጉት ያድርጉና የሚታየውን ይንገሩን።»

አጎትየው ትከሻውን ሰብቆ ቀረበና በቀኝ እጅጌው ወለወለ። አቧራው ተጠረገ፤ ጉሙ እዚያው ነው። ጠንከር አድርጎ አሸ። ትንፋሹን እፍ ብሎ እንደገና አሸ። እጅጌው ጠቆረ፤ መስታወቱ ነጭ ነው። ባልቴቲቱ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ምላጭ ጨብጣ የነበረውን እጇን ስታላላ፣ ትናንት ነፋስ ሆኖ ያለፋት ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰ።

«ከውስጥ ይሆናል» አለ አጎትየው። «ከውስጥ አልቦት ይሆናል።»

«ከውስጥም አይለቅም፤ በመሃል ነው። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከእርስዎ በቀር» አለች መርፌ። «እንግዲህ በዚህ መስኮት ማንንም አላዩም። የውጩ መስታወት ደግሞ አሁን እስኪነኩት ድረስ አቧራው ሳይነካ ነበር፤ የዛሬው እጅጌዎ ጠቁሯል፣ የትናንቱ ንጹሕ ነበር።»

«በድንጋጤ ተምታቶብኝ ይሆናል። ምናልባት በሩ በኩል…»

«በበሩ ያየ ሰው የመስኮት ታሪክ ባልፈጠረ። መዶሻው ጠረጴዛው ጀርባ መወርወሩን ነግረውኛል። ይህ ፖሊስ ጠረጴዛውን እስኪጎትት ድረስ መዶሻው ከየትም አይታይም ነበር፤ የት እንዳገኘውም ለማንም አልተናገረም። ያን የሚያውቀው የወረወረው ነው። ቢጫውን ልብስ ያዩት እውነት ነው፤ ግን መስታወት ሠሪው ሲገባ እርስዎ ገና ከዚህ ቤት አልወጡም፤ መተላለፊያው ውስጥ ተደብቀው ነበር። መዶሻው የእሱ፣ ቂሙ የእሱ፣ አሁን ደግሞ ራሱ እየሮጠ ወጣ። ሥራዎን ጨረሰልዎ።»

አጎትየው ወደ ባልቴቲቱ አየ። እሷ ፊቷን አላዞረችም።

«የቀረው ጨርቁ ነው» አለች መርፌ። «ሟቹ ይህን መስኮት መወልወል ትቷል፤ ሊቀየር ነው። ታዲያ ጨርቅ አርጥቦ ለምን ያዘ? አንድ ሰው በማለዳ ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ እዚህ ክፍል ከዚያ በፊት ገብቶ የማያውቅ ሰው። ሌላው ሁሉ ጨርቁን ተቀብሎ አሽቷል፤ ያ ሰው ግን ስላልተቀበለ ጨርቁ በሟቹ እጅ ቀረ።»

 በመጨረሻ አጎትየው ጀርባውን ቀና አደረገ። የሚደብቀው ሸክም የተነሣለት ሰው ሆነ፤ ኩራትም ይታይበታል።

«ለወንድሜ አላዝንለትም» አለ። «የእኔን ወሰደ፤ አንድ ቀን አጠፋሁ ሳይል ኖረ። ታረቀኝ ብሎ ጠራኝ፤ መጣሁ። አሁንስ ያን ቃል ይናገራል ብዬ አብሬው ገባሁ። እሱ ጨርቅ አርጥቦ ‹እስቲ ይህችን ጉም ወልውልልኝ› አለኝ። እንደ አሽከሩ። እየሳቀ። የተረሳው መዶሻ እጄ ሥር ነበር። ደግሞ ቢነሣ ደግሜ እመታዋለሁ። በቀሌን ተወጥቻለሁ።»

ምላጭ ስባሪውን ከኪሷ አወጣች። መሀረቡ በደም ርሷል፤ ጨብጣው ስለ ቆየች የቆረጠው የራሷን መዳፍ ነው። ፖሊሱ ሊንቀሳቀስ ሲል መርፌ በዓይኗ ያዘችው። ልጅቱ አጎቷ ፊት ደርሳ ቆመች። እሱም አንገቱን አልደበቀም፤ ምቺኝ የሚል ይመስላል።

«ያ ጨርቅ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «አባዬ ለአሽከር ጨርቅ ሰጥቶ አያውቅም። የሚወለውለው ራሱ ነበር። ጉሙ እንደማይለቅ ያውቃል። ያን ጨርቅ የሚሰጠው የእኔ ነው ላለው ሰው ነው። ለእትዬ በተጋቡ ማግሥት ሰጣት። ለዚህ ሰውዬ አባቱ ከሞተ በኋላ ሥራ ሲሰጠው ሰጠው። ትናንት ደግሞ ላንተ። ቃል አያውቅም እኮ አባዬ። ‹አጠፋሁ› ማለት አልፈጠረበትም። ያ ነበር ይቅርታው። አንተ እስኪጨርስ አልጠበቅህም።»

አጎትየው ወደ ባልቴቲቱ ዞረ። «ውሸቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለች ባልቴቲቱ። «አሽተህ ሲያቅትህ፣ እቅፍ አድርጎ ሊስቅ ነበር።»

ያ የቀና ጀርባ ታጠፈ። መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የጠቆረ እጅጌውን ያይ ጀመር። ምላጭ ከላይ ሆና አየችው፤ ቸኩላም አላየችው። የመስታወት ስባሪ እዚህ ድረስ ጠልቆ አይገባም ነበር። ዞራ ስባሪውን ሣጥኑ ውስጥ ጣለችው።

ካቴናው የተፈታለት መስታወት ሠሪ የእጁን አንጓ እያሸ መዳፏን አየ።

«ጠርዙን ሳያለሰልሱ መስታወት በእጅ አይያዝም» አላት።

«ላንተ ነበር የያዝኩት።»

«ገምቻለሁ። ትናንት ዓይንሽን አይቻለሁ።»

ፖሊሱ አጎትየውን ደግፎ ሲያስነሣ፣ መርፌ ለማስረጃ ያመጣችውን የሟቹን ጨርቅ መስኮቱ ደፍ ላይ አኑራው ነበር። አጎትየው ሲያልፍ አነሣው። ፖሊሱ ሊነጥቀው ጎተተ፤ ጣቶቹ አልከፈቱለትም።

«መርማሪዋ» አለች ምላጭ፣ ዓይኗን ከአጎቷ ሳትነቅል፣ «ማስረጃነቱ ሲያበቃ ይመልሱለት። እስር ቤትም ይዞት ይግባ። የእሱ ነው፤ አባቴ ነው የሰጠው።»